እንቅልፍ የመሰከረላት

ብርሌው ከበዛብሽ እጅ አምልጦ የሽማግሌው ደረት ላይ ሲያርፍ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ጠጁ በነጩ ኩታ ላይ ወረደ። ልጅቱን ለመጠየቅ ከጊምቢ ድረስ በበቅሎ ተጉዘው የመጡት ሽማግሎች እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቱ ይቅርታ እንደ መጠየቅ ይባስ ብላ ፊቷን አጨማደደች፤ ምላሷንም ብልጭ አድርጋ መለሰች።

የሽማግሎቹ ታላቅ በትራቸውን አንስተው ቆሙ። «ቀኛዝማች፣ ልጅዎ መልሷን ሰጥታናለች። ለላከን ሰው እናደርሳለን» አሉና ወጡ። የቀረበላቸውን እንኳ አልቀመሱም።

እንግዲህ የቀኛዝማች ሀብተጊዮርጊስን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። አባታቸው ከሸዋ መጥተው ነቀምት የቀሩ፣ እሳቸው በከተማው ጨለለቂ ሰፈር የቆርቆሮ ቤት፣ ዲጋ ላይ ሰፊ መሬት ያላቸው ሰው ናቸው። ክብራቸውን ከነኩባቸው ዘመድም አያውቁ። የጉማሬ አለንጋቸውን ከግድግዳው ለማውረድ አልዘገዩም።

«እጄ ነው አባባ!» አለች በዛብሽ። «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው!»

«እጅሽ የማን ነው ታዲያ? የጎረቤት ነው?»

አለንጋው ወረደ። የመጀመሪያው ቀሚሷን፣ ሁለተኛው ቆዳዋን ቀደደ። ከዚያ በኋላ ያለውን የቆጠረ የለም። ትከሻዋ ሲዘል ከምቱ ይሁን ከራሱ፣ የሚገርፉትም ሆኑ የምትገረፈው አይለዩትም ነበር።

«ጌታዬ ይበቃታል!» የቤቱ ሞግዚት የሺአረግ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠለች። «እሷ ምን ታድርግ? ያ የሆስፒታል ድሬሰር ነው ያበላሻት! ከጓዳው ደጃፍ ጣቷን ይዟት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ምስኪን የሺአረግ! ልጅቱን አድናለሁ ብላ ቤቱን ለኮሰችው።

«የትኛው ድሬሰር?»

«ተረፋ ነዋ! የዲጋዋ የድርቤ ልጅ።»

«የጭሰኛዬ የድርቤ?» አለንጋው ከእጃቸው ወደቀ። «ቤቴ ያስገባሁት? ከማዕዴ ያበላሁት?»

በዛብሽ ወለሉ ላይ እንደተዘረረች ስሙን ሰማች። ጀርባዋ ይነድ ነበር፤ እሱን ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነው። ለዚያ ስም ስትል ትገረፋለች፤ የስሙ ባለቤት ግን ከተዋት ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

✻

ተረፋ ወደዚያ ቤት የገባው በቀኛዝማች ራስ ምታት ሰበብ ነው። ጊዜው 1957 ዓመተ ምሕረት ነው። የሆስፒታሉ ፈረንጅ ሐኪም ራስ ምታት የሚያሠቃየውንና ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ የሚወራጭበትን ሰው ከየቀዬው እያስፈለገ ያጠና ነበር። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አሳምሮ የሚናገረው ተረፋ ደግሞ በር እያንኳኳ ይጠይቅለታል። የቀኛዝማች ራስ ያገር መነጋገሪያ ነው። መስከረም ሲጠባ አንድ ዓይናቸውን ከውስጥ የሚወጋ ሕመም ይነሣባቸዋል። ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፤ እሳቸው መቀመጥ አቅቷቸው ቤቱን ይዞሩታል፣ ግንባራቸውን ከምሰሶ ያጋጫሉ፣ ያገኙትን ይመታሉ። ተረፋ አጠገባቸው ተቀምጦ ከየት ይጀምራል፣ መቼ ይመጣል፣ ሲመጣ ምን ያደርግዎታል እያለ ጠየቃቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። መርፌ ሲወጋቸው ሕመሙ ለቀቃቸውና «የዚህ ልጅ እጁ መድኃኒት ነው» አሉ።

ነገር በዓይን ይገባል ይላል ያገሬ ሰው። ተረፋ የአባትየውን ራስ ሲመረምር ዓይኑ ያለው ጓዳው በር ላይ ነው። በዛብሽም ውሃ ላቀብል እያለች ያልተጠማ ሰው ስታጠጣ ከረመች።

ከዚያ ጉሮሮዋን አመማት፤ ዳነች። ከዳነች በኋላ ግን ግራ እጇ አመል አወጣ። ሳታዝዘው ይዘላል፣ ጣቶቿ ይወራጫሉ፣ ከንፈሯ ወደ ጎን ይሸሻል። እጇን በነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ከቤተሰቡ ደበቀችው። ከተረፋ ግን አልተደበቀም።

«ጣቶቼን አጥብቀሽ ጨብጪ» አላት አንድ ቀን ከጓዳው ደጃፍ።

የወደደችውን ሰው እጅ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው። ጨበጠች። ጭብጧ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ይጠብቃል፣ ይላላል። እንዲጸና ብትለምነውም አልጸና አላት።

«ላም የምታልቢ ይመስላል» አለ ተረፋ በቀስታ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጣቶቹን አላቅቆ ሳይሰናበታት ወጣ።

በሳምንቱ ጨመዳ የሚባል ሌላ ድሬሰር መጣ። «እጅሽን እንዳይ ተልኬ ነው» ሲላት ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። ተጸየፈኝ አለች በልቧ። የፍቅር እጅ የሰጠሁት መስሎኝ የበሽታ እጅ ነው ለካ የተቀበለኝ!

«ለላከህ ሰው፣ ላሟ ነጥፋለች በለው» ብላ ጨመዳን ከደጅ መለሰችው። የጊምቢ ባለጸጋ ለልጁ ሽማግሌ ሲልክም በእልህ እሺ አለች። እልህ ግን ብርሌ አያጸናም።

✻

«ልጅቱ አልተሳደበችም፣ ጋኔን ነው» የሚለውን ምክር ያመጣችው ያችው የሺአረግ ናት። ለቀኛዝማች ጥሩ መውጫ ሆነላቸው። ጋኔን ከሆነ ስድቡ የልጃቸው አይደለም። ይወጣላታል፤ ከዚያ ወደ ጊምቢ አማላጅ ይላካል። በእንዲህ ያለ ቤት ክብር ሲታመም መድኃኒቱን የሚውጠው ሌላ ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተኳሹ መጣ። ጋኔን በጋለ ብረት ያስወጣል የሚባል ሰው ነው። ጓሮ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ብረቱን ከተተበት። ሁለት አሽከሮች በዛብሽን ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት።

«መጀመሪያ ጆሮ ግንዷን፣ ከዚያ አንጓዋን» አለ ሰውየው፣ ወይፈን እንደሚያስተኩስ ገበሬ ረጋ ብሎ።

«አባባ!»

ቀኛዝማች ፊታቸውን አዞሩ።

ብረቱ ግራ ጆሮ ግንዷን ነካ። መጀመሪያ ፀጉሯ ሲቃጠል ሸተታት፤ ከዚያ ሕመሙ ደረሰና ጮኸች። ያን ጊዜ ያ የረገመችው ግራ እጇ ከአሽከሩ መዳፍ ተስፈንጥሮ የተኳሹን ፊት በጥፊ አላጋው። ማንም አላዘዘውም። ሰውየው ሲንገዳገድ ማንደጃውን ረገጠ፤ ፍሙ በአሽከሮቹ እግር ላይ ተበተነ። በጩኸቱ መካከል በዛብሽ የጓሮውን አጥር ጥሳ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባች።

የት ትሂድ? ዘመድ ቤት ብትገባ መልሰው ያስረክቧታል። ነቀምት ተወልዳ ያደገች ናትና ግን አንድ የኦሮሞ ሕግ ታውቃለች፤ አሴና ይሉታል። ልጃገረድ በገዛ እግሯ፣ እርጥብ ሣር በእጇ ይዛ የወደደችው ሰው ቤት ከገባችና ከምሰሶው ሥር ከተቀመጠች፣ ያ ቤት አያስወጣትም። ሰውየው ቢወዳትም ባይወዳትም።

ባይወዳትም! በገበያተኛው መካከል ወደ ዲጋ ስትሮጥ ከተተኮሰው ጆሮ ግንዷ ይልቅ ያቃጠላት ይህ ቃል ነበር።

✻

ድርቤ ደጃፏ ላይ የሰው ጥላ ሲወድቅ ቀና አለች። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ በግራ በኩል ፀጉሯ አሯል፣ ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል። ከሚወራጨው እጇ ሣሩ አንድ አንድ እያለ ይረግፋል።

«አዴ ድርቤ፣ ሴኔራ» አለች በዛብሽ። «ገብቻለሁ።» ሄዳ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች።

ድርቤ የወንጌል ሰው ናት፤ እንዲህ ያለውን የጥንት ሥርዓት ተዪ ከተባለች ቆይታለች። ደግሞም የገባችው የባለመሬቱ ልጅ ናት፤ ነገ እርሻዋን ነጥቀው ሊያስወጧት ይችላሉ። ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያ የልጅቱን ጀርባ አየች።

«ኢንተላ ኮ! ልጄን! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ተረፋ ለሰንበት እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ጓሮ ነበር። ድምፅ ሰምቶ ሲገባ ባለበት ደረቀ። ዓይኑ በቀጥታ ወደ እጇ ሄደ፤ ምን ያድርግ፣ ሥራው ያስለመደው ነው።

«እጄን አትየው!» ጮኸችበት። «እጄን አይተህ ጨርሰሃል። ፊቴን እይ!»

አየ። የተቃጠለውን አየ፣ ያበጠውን ዓይኗን አየ። የሱም ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ግን በሽታ አልነበረበትም።

«ለምን ጨመዳን ላክህብኝ? ይህን ያህል አስጠላሁህ?»

«ዓይኔን ስላላመንኩት ነው!» አለ ተረፋ። «ሐኪሙ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ ይለናል። አንቺን ሳይ ግን ያየሁትን ትቼ የምመኘውን ልናገር ነው። እጅሽ ሲዘል ቆሟል ልል ነው። ስለዚህ ‹የምወዳትን ልጅ መመርመር አልችልም፣ ሌላ ሰው ይሂድልኝ› አልኩት።»

«ምን? ምን አልከው?»

«የምወዳት።»

«ለፈረንጅ ነግረህ ለእኔ ሳትነግረኝ!» በዛብሽ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም። ስታመርበት የከረመችው ሰው ፊቷ ቆሟል፤ ምሬቱን ግን ብትፈልገው አጣችው።

✻

ፈረሱ ግቢው በር ላይ ሲቆም ሰሙ። ቀኛዝማች ጠመንጃቸውን ይዘው፣ አሽከሮቻቸውን አስከትለው ገቡ። ተረፋ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ቀኛዝማች በሰደፉ ቅንድቡን አሉት፤ ደሙ ዓይኑን ጋረደው። በሁለተኛው ጎኑን አሉት፤ ተንበረከከ። ከዚያ አፈሙዙን ደረቱ ላይ አሳረፉ።

«መሬቴን አረሳችሁ፣ ቤቴን ገባህ፣ ልጄን ወሰድክ» አሉ። «የቀረኝ ጥይት ነው፤ እሱንም ውሰድ።»

በዛብሽ ከምሰሶው ሥር ሆና ሰማች። ብትነሣ አሴናው ይፈርሳል፣ ይወስዷታል፤ ባትነሣ ሰውየው ይሞታል። ልትነሣ ስትል ድርቤ ቀደመቻት። ከግድግዳው ላይ ሲንቄዋን አወረደች። ስትዳር እናቷ የሰጠቻት ቀጭን በትር ናት፤ ሴት ሲንቄዋን በጠብ መካከል ከዘረጋች ወንድ አይሻገራትም። «ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለችና እየጮኸች ወጥታ በልጇና በጠመንጃው መካከል ዘረጋችው።

«ጌቶች፣ መሬቱ የርስዎ ነው። ደጃፉ ግን የእኔ ነው!»

«መገርሳ! አንሣልኝ ይህችን ሴት!»

አሽከራቸው መገርሳ ሲንቄዋን አየና ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጎፍታ፣ ለርስዎ እሞታለሁ። ይህን ግን አልሻገርም፤ እኔም እናት አለችኝ።»

የድርቤን ጩኸት የሰሙ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን እየያዙ ግቢውን ሞሉት። ጎረቤቷ ሽማግሌው ኦቦ ጉሉማም ደረሱ። ቀኛዝማች አፈሙዙን አላነሡም። ቀኝ ዓይናቸው ግን ቀልቶ እንባ ያወርድ ጀመር፤ ያ ሕመማቸው ተነሥቶባቸዋል።

ተረፋ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አያቸው። «ጌታዬ፣ ይህ ራስዎ ሲነሣና ከምሰሶ ጋር ሲጋጩ አገር ምን ይልዎት ነበር? ‹ጠጥቷል፣ አብዷል› አይደል? አልጠጡም፣ አላበዱም። በሽታ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ አምነውኛል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም በሽታ ነው። ጉሮሮዋን ካመማት በኋላ የመጣ ነው። ሐኪማችን ‹ኮሪያ› ይለዋል፣ ቃኘው ጦር የዘመተበትን አገር ይመስል። ካረፈች ከጥቂት ወራት በኋላ ይለቃታል።»

«ጋኔን ነው ብለውኛል።»

«ጋኔን ይተኛል ጌታዬ?»

ቀኛዝማች የሚያነባ ዓይናቸውን በትከሻቸው ጠረጉ።

«ይህ ሕመም ሰውየው ሲተኛ ይተኛል። እንቅልፍ እስኪወስዳት ይጠብቁና በዓይንዎ ይዩ። እጇ ከተንቀሳቀሰ ይውሰዷት፤ እኔንም እንዳሻዎ። ካልተንቀሳቀሰ ግን ብረቱም አለንጋውም ይቅር።»

«በእኔ ትወራረዳለህ? ሳትጠይቀኝ?» የበዛብሽ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ተረፋ ወደ እሷ ዞረ። ደሙ አገጩ ላይ ደርሷል። «እውነትሽን ነው። ካልፈቀድሽ ይቅር።»

«በሕልሜ አለንጋ ባይስ? ብወራጭስ?»

ሊያጽናናት ፈለገ፤ ግን መዋሸት አልሆነለትም። «አላውቅም» አለ።

በዛብሽ ያን ጊዜ ወደደችው፤ ከበፊቱ ሁሉ አብልጣ ወደደችው። በሕይወቷ ያገኘቻቸው ወንዶች ሁሉ የማያውቁት ነገር አልነበረም።

«እተኛለሁ» አለች።

ኦቦ ጉሉማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠመንጃ ባለበት እንቅልፍ የለም፣ ቀኛዝማች» አሉ። የቆሙት ሴቶች አንዳቸውም ዓይናቸውን ከሳቸው ላይ አልነቀሉም። ቀኛዝማች ሴቶቹን አዩ፣ መገርሳን አዩ። ከዚያ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ ሰቀሉ።

✻

በጀርባዋ መተኛት ስለማትችል ድርቤ በሆዷ አስተኛቻት። ቀሚሱን ከቁስሉ በለብታ ውሃ እያራሰች ላጠችው። ቅቤ ስትቀባው በዛብሽ ጥርሷን ነከሰች። አባቷ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ያለው ያ ጀርባ ነው። ሌላ የሚያዩት አልነበረም።

እንቅልፍ ደግሞ የማንም ጭሰኛ አይደለም፤ በትእዛዝ አይመጣም። ግራ እጇ ምንጣፉን ይመታል፣ እግሯ ይስፈነጠራል። ልተኛ ስትል ልቧ ይነቃል። የአባቷ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ያ ትንፋሽ ከአለንጋው በፊት የሚመጣው ትንፋሽ ነው። አሁን ይነሣሉ ትላለች፤ አይነሡም። አሁን ይጮኻሉ ትላለች፤ አይጮኹም። ድርቤ አጠገቧ ተቀምጣ በኦሮምኛ መዝሙር ታንጎራጉራለች። በዛብሽ ከግርፊያው ቀን ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም ነበር፤ መንገዱም አድክሟታል። መዝሙሩ የት ላይ እንዳለቀ አታውቅም።

አመሻሽ ላይ ስትነቃ ፀሐይዋ በሩን አልፋ ግድግዳው ላይ ወጥታለች። በመጀመሪያ የፈለገችው ተረፋን ነው። ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኖ፣ በሌላው ያያታል። የዚያን ጊዜ አስተያየቱን ልጽፈው አልችልም፤ የታየ ያውቀዋል። ግራ እጇ ከምንጣፉ ላይ ብድግ ብሎ ዘለለ።

አባቷ ሲዘል አዩት። በርጩማውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። ያ ሕመም እያለባቸው ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም።

«ቆሞ ነበር» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ዝንብ አርፋበት ነበር፣ አልተነቃነቀም። ስትነቂ መጣ። ዓይንሽን ስትገልጪ፣ ያን ጊዜ መጣ።»

በዛብሽ የሚዘለውን እጇን በቀኝ እጇ ያዘችው።

«እጄ ነው ስትዪኝ…» እጃቸው ወደ ጀርባዋ ተዘረጋ፤ ሳይነካት ተመለሰ። «በሽተኛ ልጄን ነው የገረፍኩት። በሽተኛ ልጄን ነው ለእሳት የሰጠሁት።» ከበርጩማው ወርደው በጭሰኛቸው ቤት አፈር ላይ ተንበረከኩ። «ማሪኝ በዛብሽ። ማሪኝና አሁኑኑ መርቄሽ ልሂድ።»

ድርቤ ሲንቄዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ሁሉም ምሬያለሁ እንድትል ይጠብቃሉ፤ የደግ ልጅ ወግ ይኸው ነዋ! በዛብሽም ልትለው ፈለገች። እኚህ ሰው አባቷ ናቸው፤ በልጅነቷ አዝለዋታል። ቀና ልትል ስትሞክር ግን የደረቀው ቁስል ተሰነጠቀና ትኩስ ደም በጎኗ ወረደ።

«ልቤ ምሮዎታል አባባ» አለች። «ጀርባዬን ግን ገና አልጠየቅሁትም።»

ቀኛዝማች እንደ ተመታ ሰው አንገታቸውን ደፉ። ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ተነሥተው በርጩማው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እጠብቃለሁ» አሉ።

ያን ጊዜ በዛብሽ፣ ከግርፊያው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቷን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።